«የአባቱ ደም ነው» ብላችሁ አትተዉት

ጥያቄው፦

«የደሴ ልጅ ነኝ፤ 25 ዓመቴ ነው። አባቴ የተወለዱት በ66ቱ ረሃብ ነው። ወንድሜ በእናቴ ሆድ እያለ ታመሙ። ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ሰው ይከተለኛል ይላሉ። ሆስፒታል ስኪዞፍሬኒያ ነው ተብለው መድኃኒት ጀመሩ፤ ሲወስዱ ደህና ናቸው። አሁን ደግሞ ወንድሜ አስጨንቆኛል። 22 ዓመቱ ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ መቃም አበዛ፤ ማታ ማታ ጨብሲ አለ። ሁለት ወር ሆነው እንቅልፍ የለውም። የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ በወረቀት ይደፍናል። ሲም ካርዱን አውጥቶ ሰበረው። እናቴ ‹የአባቱ ደም ነው፣ ምን ይደረጋል› ብላ ትታዋለች። እኔ ታጭቻለሁ። የእጮኛዬ አክስት ‹ዘራቸው ላይ እብደት አለ› እያለች ሰርጉን ታንገራግራለች። እኔም ዝምተኛ ነኝ፤ ብቻዬን መሆን እወዳለሁ። የበሽታው መጀመሪያ ይሆን? እታመማለሁ? የምወልዳቸው ልጆችስ? የደም ምርመራ ካለ ንገሩኝ።»

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ። አብዛኛው ጥያቄሽ ስለ አንቺና ስለ ሰርግሽ ነው። ስለ አንቺ ያለው ዜና ከምትፈሪው በጣም የተሻለ ነው። የወንድምሽ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ሁለቱንም እመልሳለሁ። ጊዜ ካጠረሽ ስለ ወንድምሽ የጻፍኩትን አስቀድመሽ አንብቢ።

ከቁጥሩ እንጀምር። ስኪዞፍሬኒያ ከ100 ሰው ወደ አንዱ በዕድሜ ዘመኑ ይይዘዋል። አባት ወይም እናት ታማሚ ከሆኑ ግን ለልጁ ቁጥሩ ከ100 ወደ 10 ይጠጋል። አሥር እጥፍ ማለት ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። ነገር ግን እንዲህ ካለ ቤት ከሚወጡ 100 ልጆች 90 ያህሉ በሽታው ሳይነካቸው ያረጃሉ። ደግሞም ይህ ቁጥር ገና ለተወለደ ሕፃን የተሰላ ነው። በሽታው በብዛት የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነው። አንቺ በጤና 25 ደርሰሻል። ከአደገኛው ዕድሜ የተወሰነውን አልፈሻል።

ልጆችሽስ? አባትሽ ለእነሱ አያት ናቸው። አያት ታሞ ወላጅ ጤነኛ ሲሆን ቁጥሩ ወርዶ ከ100 ወደ 3 ወይም ወደ 5 ይሆናል። በዚህ ምክንያት አታግቢ፣ አትውለጂ የሚልሽ የአእምሮ ሐኪም አታገኚም። እኔም አልልሽም።

አሁን «ደም ነው» ወደሚለው ልምጣ። እናትሽ ከመሬት ተነስተው አላሉትም፤ ዘር ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሊዮናርድ ሄስተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም አንድ ጥናት አሳተመ። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው እናቶች ተወልደው ወዲያው የተለዩና ሌላ ቦታ ያደጉ 47 ልጆችን፣ ካደጉ በኋላ ፈልጎ አገኛቸው። 5ቱ በሽታው ይዟቸዋል። ልክ እንደነሱ ከእናታቸው ተለይተው ካደጉ፣ ግን እናታቸው በሽታው ከሌለባት 50 ልጆች ደግሞ አንድም አልታመመም። ያኔ ብዙ ባለሙያ «እናትየው አስተዳደጉን አበላሽታ ነው» ይል ነበር። ይህ ጥናት ከእናቶች ላይ ትልቅ ሸክም አወረደ።

ግን ሌላው ወገን አለ። ተመሳሳይ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው። በሽታው ደም ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲታመም ሌላው የግድ መታመም ነበረበት። በተግባር ግን ሁለተኛው የሚታመመው ከግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው። ያው ደም ያለው ሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል! ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ፔካ ቲየናሪና ባልደረቦቹ ከታመሙ እናቶች ተወልደው በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆችን ለብዙ ዓመት ተከታተሉ። ሰላም ባለው ቤት ካደጉት የታመሙት ጥቂት ናቸው። ጭቅጭቅና ግራ መጋባት በበዛበት ቤት ያደጉት ላይ ግን በሽታው በዛ። በዘራቸው ይህ ተጋላጭነት የሌለባቸው ልጆች ግን ቤቱ ቢረበሽም ያን ያህል አልተጎዱም።

ኮምቦልቻና ደሴ የተመላለሰ ሰው ሐረጎን ያውቃል። ሞተሩ ትንሽ ደከም ያለ መኪና ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሲሄድ ማንም አይለየውም። ሐረጎን ጭነት ይዞ ሲወጣ ነው ሙቀቱ የሚነሳው። ዘር ማለት ሞተሩ ነው። ጭነቱና ዳገቱ ደግሞ ጫት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጦርነት፣ ሐዘን፣ ችግር ናቸው። ሞተሩን መቀየር አንችልም። ጭነቱን ግን ማራገፍ ይቻላል።

«የእብደት ጂን»፣ ማለትም ብቻውን በሽታውን የሚያመጣ አንድ ዘረመል፣ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት ከ76 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ዘረመል አይቶ፣ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችን ለየ። እያንዳንዱ ቦታ የሚጨምረው አደጋ በጣም ትንሽ ነው። እኔም፣ አንቺም፣ የእጮኛሽ አክስትም ከእነዚህ የተወሰኑትን ተሸክመናል። ማንም ንጹሕ የለም።

የደም ምርመራ ብለሽ ጠይቀሻል። እታመማለሁ ወይስ አልታመምም የሚለውን የሚነግር ምርመራ የለም። አሜሪካም አውሮፓም የለም። ከብዙ ጂኖች ድምር ነጥብ የሚያወጡ ስሌቶች አሉ፤ ግን ለአንድ ሰው ዕጣ ፈንታውን አይነግሩም። በዚያ ላይ የተሠሩት በአብዛኛው በአውሮፓ ዘሮች መረጃ ስለሆነ ለእኛ ሰው ይበልጥ ይሳሳታሉ። ይህንን ክፍተት ለመሙላት ኒውሮጋፕ የተባለ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የብዙ ሺህ ሰዎችን ናሙና ሰብስቧል፤ ከእኛ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለበት። ደስ የሚል ሥራ ነው። አንቺ ግን ዛሬ ለዘረመል ምርመራ ብለሽ አምስት ሳንቲም አታውጪ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ጋዜጣም ሬዲዮም «ስኪዞፍሬኒያ 80 በመቶ በዘር ነው» ይላል። ይህ «80 በመቶ እታመማለሁ» ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሕዝብ ነው፦ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረመል ልዩነት ጋር ይሄዳል የሚለውን። ለድባቴ ወደ 37 በመቶ ነው። ለአልኮል ሱስ ወደ 50። ለጠባይ ደግሞ ወደ 40። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ወንድምሽ ለምሳሌ፣ ምንም አይናገርም።

ጠባይ ካልኩ፣ ዝምታሽ። ዝምተኝነት የብዙ ሰው ተፈጥሮ ነው፤ ዘርም ሕይወትም ሠርተውታል። በሽታ አይደለም፣ የበሽታ መጀመሪያም አይደለም። የሚያሳስበን ለውጥ ነው። ትጫወት የነበረች ልጅ በወራት ውስጥ ከሰው ስትሸሽ፣ ሥራዋን ስትተው፣ የማይመስል ነገር ስታምን፣ ያኔ እንነጋገራለን። ልጅ ሆነሽም ዝምተኛ ከነበርሽ፣ ያው አንቺ ነሽ። ታማሚ አባት ያለበት ቤት ያደገች ትልቅ ልጅ ደግሞ ድምፅ አታበዛም። አባትሽን ላለመረበሽ ቀስ ብላችሁ ስትራመዱ ያደጋችሁ ይመስለኛል።

ስለ አባትሽ ልደት የጻፍሽው ትኩረቴን ሳበው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት፣ ቻይና ደግሞ ከ1959 እስከ 61 ከባድ ረሃብ ነበር። በሁለቱም አገር፣ በረሃቡ ወቅት የተፀነሱ ልጆች ሲያድጉ ስኪዞፍሬኒያ ወደ ሁለት እጥፍ ታየባቸው። ወሎ ለዚህ ወሬ ባዳ አይደለም። የአባትሽን ሕመም ያመጣው ረሃቡ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። ግን «ዘራቸው ላይ አለ» ብሎ የሚፈርድ ሰውም ያንን ዘመን አብሮ ይቁጠረው። እናት ሆዷ ባዶ ሆኖ የተሸከመችው ልጅ ላይ የደረሰውን ሁሉ ደም ላይ መለጠፍ ግፍ ነው።

አሁን ወንድምሽ።

22 ዓመት፣ ወንድ፣ አባቱ ታማሚ፣ ሁለት ወር እንቅልፍ የለም፣ ቁልፍ ቀዳዳ መድፈን፣ ሲም መስበር። ይህንን ሳይመረምሩ ስም አይሰጡትም። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ጫቱ ያመጣው ጊዜያዊ መታወክ ሊሆን ይችላል። የአባቱ ዓይነት በሽታ እየጀመረው ሊሆን ይችላል። ሌላ፣ ለምሳሌ ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚወጣበት፣ አንዴ የሚወርድበት ሕመም) ወይም ከጦርነቱ የቀረ የመንፈስ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ይታከማሉ። ሦስቱም ሲዘገዩ ይብሳሉ።

ጫትን በተመለከተ እንግባባ። ወሎ ውስጥ ጫት ወዳጃ ላይ፣ ዱዓ ላይ አለ። ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። እኔ ያንን ልነካ አልተነሳሁም። ወንድምሽ ያለበት ሌላ ነው። ብቻውን፣ በየቀኑ፣ በርጫው እስከ ማታ፣ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ከዚያ እንቅልፍ የሌለው ሌሊት፣ ጠዋት ሀራራ። ትኩስ ጫት ውስጥ ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ቅመም እንዲበዛ ያደርጋል። ስኪዞፍሬኒያ ላይም ከልክ በላይ የሚሠራው ይኸው ዶፓሚን ነው፤ አባትሽ የሚወስዱት መድኃኒት የሚገታውም የእሱን ሥራ ነው። ስለዚህ በዘሩ ተጋላጭ የሆነ ልጅ ብዙ ሲቅምና ሳይተኛ ሲያድር፣ ጎረቤቱ ያን ያህል ቅሞ የማይሆነውን ሊሆን ይችላል። «ጓደኞቹም እኮ ይቅማሉ፣ ምነው እነሱ ደህና?» የሚባለው ለዚህ ነው። ሐሺሽም ካለበት ጉዳቱ ይብሳል። ሳትቆጪ ጠይቂው።

ሱሱስ በዘር ነው? በከፊል። ለአልኮል ግማሽ ያህል ነው ብያለሁ። የሚወረሰው ግን «ጫት የመውደድ ጂን» አይደለም። ቶሎ መሰላቸት፣ ደፋርነት፣ ስሜትን ለመግታት መቸገር፣ መጠጥ ሰውነት ላይ የሚሠራበት መንገድ፣ እነዚህ ናቸው። አንዳንዶቹ ጂኖች ደግሞ ከአእምሮ ሕመም ጋር የጋራ ናቸው። ሌላም አለ። ሕመሙ ሲጀምረው ጭንቀቱን ለማስታገስ ብሎ መቃም የሚያበዛ ልጅ ብዙ ነው። ቤተሰብ «ጫት አሳበደው» ይላል፤ አንዳንዴ ሕመሙ ቀድሞ ነው ጫቱ የበዛው።

አካባቢ ምን ያህል እንደሚሠራ አንድ ማስረጃ ልንገርሽ። ቬትናም ከዘመቱ ተራ የአሜሪካ ወታደሮች ከአምስት አንዱ ያህል እዚያው የሄሮይን ሱስ ይዞት ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ተከታተለቻቸው። ሱስ ይዟቸው ከነበሩት በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱሰኛ የሆኑት ከ100 ወደ 5 ብቻ ነበሩ። ደማቸው አልተቀየረም። የተቀየረው ቦታውና ኑሮው ነው። የወንድምሽም መቃም የበዛው ከጦርነቱ ወዲህ ነው ብለሻል። ያኔ 18 ዓመት ገደማው ነበር። ያን ጊዜ ያየውን ነገር ማንም ቁጭ አድርጎ የጠየቀው አይመስለኝም።

እናትሽን አትውቀሻት። ሃያ ዓመት ያለፈ ባል ያስታመመች ሴት ናት፤ ያው ነገር ሲመጣ ዓይኗን ብትጨፍን አይፈረድባትም። ግን ንገሪያት፦ አባቱ ታማሚ መሆኑ ልጁን ለመተው ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ከሌላው ልጅ ቀድሞ ሐኪም ማየት ያለበት እሱ ነው። አባትሽ ራሳቸው ማስረጃ ናቸው። መድኃኒታቸውን ሲወስዱ ደህና ናቸው ብለሻል እኮ! ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቆ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሲለዩ፣ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። የእናንተ ቤት ግን መንገዱን ያውቀዋል። ካርድ የት እንደሚወጣ፣ መድኃኒት የት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ።

ስታናግሪው «ማንም አይከተልህም» ብለሽ አትከራከሪው። አያምንሽም፣ አንቺንም ከጠላቶቹ ይቆጥርሻል። «እውነት ነው» ብለሽም አታጽኚለት። እንቅልፉን ያዢ። «ሁለት ወር አልተኛህም፣ ፊትህ ከስቷል፣ ለእንቅልፍህ ሐኪም እንይ» በይው። ይህ እውነት ነው፤ እሱም ራሱ እንቅልፍ ርቦታል። ብዙ ጊዜ ሰው በዚህ በር ይገባል። ጠዋት፣ ሳይቅም በፊት ንገሪው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው እሺ ያለውን ማታ ይረሳዋል።

ጫት ማቆም ሰውነትን ለከባድ አደጋ አይጥልም። ጥቂት ቀን ይደብተዋል፣ ያንቀላፋል፣ ይነጫነጫል፤ ዱካክ የሚሉት ክፉ ሕልም ይመጣበታል። ያልፋል። አልኮል ግን ሌላ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ከሆነ በአንድ ጊዜ አታስቁሙት። መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል ዓይነት መንፈራገጥ፣ መቃዠት ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ስንት እንደሚጠጣ ለሐኪሙ በትክክል ንገሩ። ቤተሰብ አፍሮ «አልፎ አልፎ ነው» ሲል እኛ የምንሰጠው ሕክምና ይሳሳታል።

ጠበልም ይሁን ሩቅያ፣ ቤተሰቡ የሚያምንበትን አድርጉ። መድኃኒቱን ግን አታስቁሙ፤ ልጁን አታስሩ። እሞታለሁ ካለ፣ ወይም ሰው ሊጎዳ ከተነሳ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የእጮኛሽ አክስት ቀረች። እኔ ጋ ሰው ሲመጣ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ዛፍ እሥላለሁ። ወንዱ አራት ማዕዘን፣ ሴቷ ክብ። «በዘራችሁ የታመመ አለ?» ስል መጀመሪያ ሁሉም «ኧረ የለም» ይላል። እርሳሴን ይዤ ዝም እላለሁ። ቀስ እያለ ይወጣል። ወጥቶ የቀረ አጎት፣ ዛር አለባት ተብላ ከጓዳ የማትወጣ አክስት፣ በመጠጥ የሞተ አያት። እናቶች እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሩን ያያሉ። ባዶ ሆኖ የሚቀር ወረቀት እምብዛም አይገጥመኝም። የእጮኛሽም ቤተሰብ ወረቀት ላይ ቢሣል እንዲሁ ነው። ደግሞም ስኪዞፍሬኒያ ከያዛቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት የታመመ የቅርብ ዘመድ የላቸውም። «ንጹሕ ዘር» ፈልጎ ማግባት ከዚህ በሽታ አያድንም። ሰባት ቤት መቁጠር ጥቅም አለው፤ የቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ ከሁለት ወገን ተደብቀው የሚመጡ ሌሎች በሽታዎችን ያስቀራል። ለዚህ ጉዳይ ግን መልስ አይሆንም።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ምን ያህል ይርቃል? እዚያ ባለው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሲታከሙ ኖረዋል። ያንንም ሰው «የዘር ነው» እያለ ልጆቻቸውን አላገባም ይል ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ኖርዌያዊው ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘው፤ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። የእናንተ ቤት ሕመም እንደዚያ አይደለም፤ ዘር ድርሻ እንዳለው አልካድኩም። ግን ስንት ቤት በፍርሃት ብቻ ተዘግቶ እንደቀረ አስቢ።

ለእጮኛሽ እውነቱን ንገሪው። ለአክስቱ ሳይሆን ለእሱ፣ ራስሽ፣ ከሰርጉ በፊት። «አባቴ ታማሚ ናቸው፣ ይታከማሉ፣ ለልጆቻችን ያለው አደጋ ይህን ያህል ነው» በይው። ቁጥሮቹን ከዚህ ጽሑፍ አሳዪው። ከፈለገ አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ኑና ይጠይቅ። አክስቱን እሱ ያናግራት፤ ሽማግሌም ካስፈለገ እሱ ይላክ። ከወለድሽ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ለራስሽ ተጠንቀቂ፦ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ልብሽ ካዘነ ወይም እንግዳ ሐሳብ ከመጣብሽ ቶሎ ተናገሪ። ያ ጊዜ ለማንኛዋም እናት ከባድ ነው፤ የቤተሰብ ታሪክ ሲኖር ደግሞ ቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።

በዚህ ሳምንት ወንድምሽን ደሴ ሆስፒታል አእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰጂው። የአባትሽን መድኃኒት ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ፤ ለአባት የሠራ መድኃኒት ለልጅም ስለሚሞከር ስሙና መጠኑ ይጠቅማል። እንቅልፍ ማጣቱ የጀመረበትን ጊዜ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚቅምና እንደሚጠጣ በወረቀት ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪ፤ እሱ ፊት መናገር ሊከብድሽ ይችላል። አልሄድም ካለ ደግሞ ብቻሽን ሂጂና ሐኪሙን አማክሪ። እሱን እንዴት ማምጣት እንደሚቻል አብራችሁ ታቅዳላችሁ።